የአራተኛው ሠንጠረዥ ስህተት

አስካለ ነጋሽ በቸርችል ጎዳና ላይኛው ጫፍ፣ አንድ አሮጌ ፎቅ ደረጃ ሥር ባለች ጠባብ ክፍል የመመረቂያ ጽሑፍ መተየብ ከጀመረች ሃያ ሁለት ዓመት አልፏታል። ትምህርቷን ከአሥራ አንደኛ ክፍል አቋርጣለች፤ ሆኖም ላምዳን ወይም ሲግማን ያለቦታው ካየች ዝም ብላ አታልፍም። ፊዚክሱን አላውቅም ትላለች። ሰዎቹን ግን ታውቃለች። ማን ራሱ ለክቶ፣ ማን ከሌላ ገልብጦ እንደመጣ ከወረቀት አያያዙ ትለየዋለች።

ዶክተር ሚልክያስ ከገልባጮቹ ነበር። አንድ የግል ኮሌጅ ውስጥ ፊዚክስ ያስተምራል። ስሙን ያለ «ዶክተር» የጠራውን ሰው መልሶ ሰላም አይልም። ካርዱ ላይ ማዕረጉ ከስሙ በገዘፈ ፊደል ታትሟል፤ ያተመችለትም እሷው ናት። ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ አሥራ አራት ገጽ ይዞ መጣ።

«ለጆርናል ነው። ቃላቱን ለዋውጪልኝ፣ ቁጥሩን አትንኪ» አላት።

አነበበችው። ሙቀት በድሮ የፒያሳ ቤቶች የጭቃ ግድግዳ ውስጥ እንዴት እንደሚያልፍ የሚያስረዳ ጥናት ነው። ከስድስት ዓመት በፊት ኤዶም የምትባል ተማሪ ውቤ በረሃ ባሉ ስምንት ቤቶች ግድግዳ ላይ ቴርሞሜትር እየሰካች ዓመት ሙሉ የለካችው፣ አስካለም የተየበችላት የመመረቂያ ጽሑፍ ነበር። ሚልክያስ አማካሪዋ ነበር፤ አንድም ቀን የአንዱን ቤት ደጃፍ አልረገጠም። ቤቶቹ አሁን ፈርሰዋል፤ ማንም ተመልሶ ሊለካቸው አይችልም።

አራተኛው ሠንጠረዥ ላይ ስትደርስ አስካለ ቆመች። 0.47 መሆን ያለበት ቁጥር 0.74 ይላል። ስህተቱ የራሷ ነበር። ያኔ ስትተይብ አገላብጣው፣ ረቂቁ ለአማካሪው ከተሰጠ በኋላ ኤዶም ደርሳበት፣ በመጨረሻው ጥራዝ ላይ አስተካክለውታል። ሰውየው የገለበጠው ያልታረመውን ረቂቅ ነው። ሊሰርቀው የመጣውን ነገር እንኳ በቅጡ አላነበበውም።

«ዶክተር፣ ይሄ የኤዶም ሥራ አይደለም እንዴ?»

«ተማሪ የሚሠራው ለአማካሪው ነው። አንቺ ተይቢ።»

«እኔ አልተይበውም። ይውሰዱት።»

ሳቀባትና ማዶ ያለው ሌላ የትየባ ሱቅ ገባ። ጥናቱ በሳምንቱ ወጣ። ጆርናል የተባለው የከፈለ ሰው የላከውን ሁሉ በሦስት ቀን የሚቀበል፣ ስሙ «ዓለም አቀፍ» ብሎ የሚጀምር፣ አንባቢ የሌለው ድረ ገጽ ነው። ሚልክያስ ግን በቀለም አሳትሞ ለባልደረቦቹ አደለ፤ የተባባሪ ፕሮፌሰርነት ማመልከቻውንም አስገባ።

አስካለ ደብረ ብርሃን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለምታስተምረው ለኤዶም ደወለችላት።

«የኔን ስህተት ሳይቀር ሰርቆ አሳተመው» አለቻት።

ኤዶም የመለኪያ ደብተሯን ፈልጋ አወጣች። ቅዳሜ መጣች። አስካለ የደንበኛ ፋይል አትሰርዝም ነበርና ረቂቁንም የታረመውንም ከነቀናቸው አተመችላት። የመለኪያ ደብተሩን ቅጂ ጨምረው ለኮሌጁ የዕድገት ኮሚቴ አስገቡ።

ኮሚቴው ሚልክያስን ጠራው። ሰብሳቢዋ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«የለኩት የትኞቹን ቤቶች ነው?»

«አራዳ ውስጥ።»

«አራዳ ሰፊ ነው፣ ዶክተር።»

ማስታወሻዬን አይቼ እመለሳለሁ ብሎ ወጣ። ማስታወሻው አልመጣም፤ ዕድገቱም ቀረ። ከሥራው ግን አልተነሳም፤ ዛሬም ክፍል ገብቶ ስለ ልኬት ጥንቃቄ ያስተምራል። አስካለ ለጆርናሉም ጽፋ ነበር። የመጣላት መልስ «ውድ ፕሮፌሰር አስካለ፣ ጥናትዎን ይላኩልን» የሚል ነው።

ኤዶም ሥራዋን ለሌላ፣ በቁም ነገር ለሚመረምር ጆርናል ላከች። ከአምስት ወር በኋላ ከገምጋሚዎቹ ሦስት ገጽ ሙሉ ጥያቄ መጣላት። አትማ ወደ አስካለ ይዛው መጣች።

«አልተቀበሉሽም ማለት ነው?» አለች አስካለ ፊቷ ጠቁሮ።

«አንብበውታል፣ እትዬ አስካለ። እያንዳንዱን መስመር አንብበውታል።»

አስካለ ወንበር ሳበችላት። ኤዶም የመለኪያ ደብተሯን አጠገቧ ገልጣ የመጀመሪያውን ጥያቄ ከወረቀቱ ጮክ ብላ አነበበች። ግድግዳዎቹ በተለኩበት ሰሞን ዝናብ ነበር ወይ ይላል።

«ነበር እንጂ» አለች ኤዶም፣ መልሱንም ለአስካለ ማስጻፍ ጀመረች።