የሩፋኤል ዕለት የረጠበው ፕላስተር

ቁስል የሚጠረግበት የአዮዲን ሽታ በሸተተኝ ቁጥር ካዛንቺስ የነበረው የቀበሌ ቤታችን ይመጣብኛል፤ አባዬ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ፣ ፊቱን ወደ ግራ አዙሮ፣ ትንፋሹን ይዞ ይጠብቀኛል።

አባዬ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበር። በታኅሣሥ ኩላሊቶቹ ሥራ አቁመው ለደም እጥበት የሚሆን ቱቦ በቀኝ በኩል አንገቱ ሥር ሲገባለት እኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። የእማዬ እጅ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ነርሷ ያስተማረችው እኔን ነው፤ እጄን በሳሙና እንድታጠብ፣ አፍና አፍንጫዬን እንድሸፍን፣ ቱቦው የገባበትን ቦታ በጣቴ እንዳልነካ።

«ፕላስተሩን እኛ እንቀይራለን። ቤት ውስጥ ከተላቀቀ ወይም ከረጠበ ግን ወዲያው ቀይሪው፤ ጀርም ከገባ በቀጥታ ወደ ደሙ ነው የሚሄደው። ገባሽ?» አለችኝ።

ገብቶኝ ነበር።

በጋው በደህና አለፈ። ላብ ፕላስተሩን ሲያላቅቀው እየቀየርኩ፣ ቦታው ቀልቶ ወይም መግል ይዞ እንደሆነ ጎንበስ ብዬ ሳይ፣ አባዬ «ዶክተር፣ ዛሬስ እንዴት ነኝ?» እያለ ይቀልድብኝ ነበር። ገላውን በእርጥብ ፎጣ ከመታበስ በቀር ውሃ አይፈስበትም ነበር። ክረምት ሲገባ ጣራችን እያፈሰሰ አልጋውን ከጥግ ወደ ጥግ እንገፋ ጀመር፤ እሱም እየከሳ፣ ሁሉ ነገር እየከበደው፣ ከእኛ ጋር ማውራት እየተወ ሄደ።

ጳጉሜ ሦስት፣ የሩፋኤል ዕለት፣ እማዬ ሥራ ላይ እያለች ዝናቡ ወረደ። የግቢው ልጆች እየጮሁ ዝናቡ ውስጥ ሲጨፍሩ አባዬ ከአልጋው ተነሥቶ በሩ ላይ ቆመ።

«አባዬ፣ አይሆንም» አልኩት።

«ዛሬ እኮ ሩፋኤል ነው፤ ጠበል ነው። ዘጠኝ ወር ሙሉ ራሴ ላይ ውሃ አልፈሰሰም፣ ልጄ።»

ፌስታል አንገቱ ላይ አድርጌ በሁለት እጄ ያዝኩለት። ዓይኑን ጨፍኖ ፊቱን ወደ ሰማይ አነሣና ከታመመ ወዲህ ያልሰማሁትን ሳቅ ሳቀ።

ስንገባ ፕላስተሩ ርሷል። ከፕላስተሩ ሥር የሚደረገው ጎዝ የቀረን አንድ ብቻ ነበር። «ካለቀ እናትሽ ታውቃለች፣ ትቆጣናለች። ከነገ ወዲያ ለእጥበት ስንሄድ ሐኪም ቤት ይቀይሩታል፤ ተይው በቃ» አለኝ። ተውኩት።

ከሁለት ቀን በኋላ እጥበቱ ላይ ሳለ ይንዘፈዘፍ ጀመር። ነርሷ ፕላስተሩን ገልጣ መግሉን አየችና ወደ እኔ ዞረች።

«ውሃ ነክቶት ነበር?»

እማዬ አጠገቤ ቆማለች። እኔ አፌን ሳልከፍት አባዬ ጥርሱ እየተንገጫገጨ «ላብ ነው፤ ልጄ ምንም አላጠፋችም» አለ።

ኢንፌክሽኑ ደሙ ውስጥ ገብቶ ነበርና እንቁጣጣሽ ባለፈ በአራተኛው ቀን ሞተ።

ያኔ የገደልኩት እኔ ነኝ ብዬ አምን ነበር፤ ለቀስተኞች «እንዴት ያለች አስታማሚ ነበረች!» ሲሉ ከድንኳኑ ሸሽቼ እወጣ ነበር። ዛሬ የእኔ ልጅ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ደብተሯን እንኳ ረስታ ትሄዳለች። እሷን ሳይ ያ ሥራ ለልጅ የሚሰጥ እንዳልነበረ ይገባኛል። እማዬ ግን አሁንም ላብ እንደነበር ነው የምታውቀው። አንዳንድ ቀን ልነግራት አጠገቧ እቀመጥና፣ ማርጀቷን አይቼ፣ ስለ ሌላ ነገር አወራታለሁ።