ለሰይድ ያልኩት «አቤት»

የመጨረሻው የንቅናቄ ትዕዛዝ የደረሰኝ በዋትሳፕ ነው። «ነገ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ወደ አል አይን» ይላል። የላከው ሱፐርቫይዘራችን ተሾመ ነው። አገር ቤት የክፍለ ጦር መጋዘን ጸሐፊ ነበር፤ ባሩድ ሸትቶት አያውቅም። አቡ ዳቢ መጥቶ የጥበቃ አለቃ ሲሆን ግን ራሱን ጄኔራል አደረገ።

ስምንት ነበርን፤ ሁላችንም የቀድሞ ወታደሮች። አቡ ዳቢ ካለው የአል ካራማ ቪላዎች በር አንስተው፣ አል አይን ኮሮና የገባበት የሠራተኞች መኖሪያ በር ላይ አቆሙን። ማንም እንዳይወጣ፣ ማንም እንዳይገባ። ተሾመ ጥበቃውን «ግዳጅ»፣ በሩን «ግንባር»፣ ውስጥ የሚያስሉትን ምስኪኖች «ጠላት» ይላቸው ነበር። እኔ ግንባር አውቃለሁ። ጠላት ይተኩስብሃል እንጂ በመስኮት ውኃ አይለምንህም። ሳቅንበት። ሳምንት ሳይሞላ ግን እኛም «ጠላት ሦስተኛ ፎቅ ነው» እንባባል ጀመር።

ጠዋት ጠዋት ስም ጥሪ አለ። ተሾመ ከመኪናው አይወርድም። መስኮቱን የጣት ስፋት ያህል ዝቅ አድርጎ ይጠራል። በማስክና በኮፍያ ተሸፍነን ለእሱ ሁላችንም አንድ ነን።

ከመካከላችን የወሎውን ሰይድ ትኩሳት ያዘው። ተሾመ ደግሞ «ታመምኩ የሚል ከግዳጅ የሸሸ ነው፤ ኢቃማው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ይሰረዛል፤ ኸላስ፣ አለቀ!» ብሎ ፎክሯል። ሰይድ እጄን ያዘኝ።

«አሥር አለቃ፣ በአላህ አትናገርብኝ። ሁለት ቀን ብተኛ ይለቀኛል።»

ምሽግ ውስጥ ልማድ ነበረን፤ የታመመ ጓድ ስሙ ሲጠራ ሌላው «አቤት» ይልለታል። እሱ ያርፋል፣ ከቅጣት ይተርፋል። ስለዚህ ተሾመ «ሰይድ!» ሲል «አቤት!» አልኩ። በማግስቱም አልኩ። በሦስተኛውም ቀን።

በአራተኛው ቀን ከስም ጥሪ ወደ ማደሪያችን ስመለስ የሰይድ ከንፈር ጠቁሯል፤ ትንፋሽ አጥሮታል። አምቡላንስ ጠራሁ። በሩብ ሰዓት ደረሱ። ባለሙያው «እስከ ዛሬ ለምን አልጠራችሁም?» አለኝ። ሰይድ በማግስቱ ሆስፒታል ውስጥ አረፈ።

ተሾመ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «በግዳጅ ላይ የተሰዋ ጀግና ነው» አለ።

«ሐኪም ያጣ የበር ዘበኛ ነው» አልኩት።

መስኮቱን ዘጋው።

ልጆቼ ዛሬ ስንት ጓድ እንደሞተብኝ ይጠይቁኛል። ምሽግ ውስጥ አሥራ አንድ፤ እነሱን ጠላት ገደላቸው። አል አይን ላይ አንድ። እዚያ ጦርነት አልነበረም፤ ሐኪሙ የሩብ ሰዓት መንገድ ላይ ነበር። ተሾመን እስከ ዛሬ እንቀዋለሁ። ጦርነት ነው ሲል አምኜ እንደ ምሽጉ «አቤት» ያልኩት ግን እኔ ነኝ።