የጡረተኛው የስፖርት መምህር ሩጫ

የልብ ሕመም ከተገኘብኝ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ከሞጣ ወጣ ብዬ በዝግታ እራመዳለሁ። ሐኪሜ «እየተራመድክ ማውራት ካቃተህ ወይም ደረትህን ካፈነህ ወዲያው ቁም» ብሎኛል።

ባለፈው ሰኞ ዳገቱ መሀል ደረቴን ሲከብደኝ ቆምኩ። ልጅ ሳለሁ ስፖርት ያስተማሩኝ፣ አሁን ጡረታ የወጡት ጋሽ አለኸኝ እየሮጡ ደረሱብኝ።

«ምነው፣ በጠዋቱ ደከመህ?»

«ልቤን ያመኛል ጋሼ። ሲያፍነኝ ቁም ተብያለሁ።»

«ተው እባክህ! እኔ የአባትህ እኩያ ይኸው እሮጥ የለም እንዴ? ልብ ሲያባብሉት ነው የሚሰንፈው!» ብለው ሳቁና ዳገቱን ተያያዙት። አፍሬ ልከተላቸው አሰብኩ፤ ግን ፈራሁ።

ጫፉ ላይ ሲደርሱ ደረታቸውን ይዘው ቁጭ አሉ። እስክደርስላቸው በላብ ተጠምቀው መናገር ተስኗቸዋል። ባጃጅ ለምኜ ሆስፒታል ወሰድኳቸው፤ አልተረፉም።

ባለቤታቸው ሆስፒታሉ ድረስ መጡ።

«ድንገት ነው እትዬ። ምንም ያመማቸው አይመስሉም ነበር» አልኳቸው።

«የምን ድንገት፣ ልጄ? የልብ መድኃኒት ከጀመረ ሁለት ዓመቱ ነው። አትሩጥ፣ ቀስ ብለህ ተራመድ ቢሉት፣ ‹የስፖርት መምህር ሲያዘግም ተማሪዎቼ ቢያዩኝ ምን ይሉኛል?› አለ።»