የእናቴ ዳዊት ማኅደር

አዲስ ቆዳ በሸተተኝ ቁጥር ሓድነት በሚባለው ሰፈራችን ቆዳ ይሰፉ የነበሩት አቦይ ሳልሕ ትዝ ይሉኛል። ልጅ ሳለሁ እናቴ ለመዝሙረ ዳዊቷ ማኅደር ልታሰፋ እሳቸው ዘንድ ይዛኝ ሄደች። ሽማግሌው መጽሐፉን ሊቀበሉኝ እጃቸውን ሲዘረጉ ከጀርባዬ ደበቅሁት።

«እርስዎ እስላም አይደሉ?»

እናቴ በኀፍረት አንገቷን ደፋች። እሳቸው ግን ፈገግ ብለው ተነሡና እጃቸውን እስከ ክርናቸው ታጥበው ተመለሱ።

«ጓለይ፣ የኔ ልጅ፣ ዳዊት የአይሁድ ንጉሥ ነበር። እናትሽ ትደግመዋለች፤ ለእኛም ነቢያችን ነው። አምላኩን ወዶ የሚያለቅስን ሰው፣ ሃይማኖትህ ምንድን ነው ትይዋለሽ?»

መጽሐፉን ሰጠኋቸው።

ዛሬ እናቴም እሳቸውም የሉም፤ የማኅደሩ ስፌት ግን አልላላም። ዳዊት ልደግም ስል እጄን እስከ ክርኔ እታጠባለሁ። ከማን እንደተማርኩት ለንስሐ አባቴ ነግሬያቸው አላውቅም።