የዐለቱን ድምፅ የሚያዳምጡት ወይዘሮ ሂልካ

ወይዘሮ ሂልካ ኦያንፔራ ቃላቸው የታመነ፣ ችኮላንም እንደ ኃጢአት የሚፈሩ ሴት ናቸው። በፊንላንድ አገር፣ በኤውራዮኪ የባሕር ዳርቻ፣ ያገለገለ የኒውክሌር ነዳጅ ለዘመናት ይቀበርበት ዘንድ ዐለት ተፈልፍሎ ጥልቅ ዋሻ ይሠራል። የእሳቸው ሥራ የዋሻው ጣሪያ መጽናቱን መመርመር ነው።

በዚያ ጥልቀት ዐለቱ ከግራና ከቀኝ ተጨምቆ ስለሚኖር፣ በፈንጂ ከተከፈተ በኋላ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይላቀቃል። ስለዚህ አዲስ ጣሪያ ሥር ማንም ሳይገባ ማሽኑ ሁሉ ይቆማል። ወይዘሮ ሂልካ በልባቸው አንድ «አባታችን ሆይ» እስኪደግሙ ድረስም ሰው ሁሉ ጆሮውን ገልጦ ዐለቱ ሲሰነጠቅ ይሰማ እንደሆነ ያዳምጣል።

የፊንላንድ ቡድን ከስዊድን ጋር የበረዶ ሆኪ በሚጋጠምበት ቀን ግን ቆፋሪው አሕቲ ሬዲዮ ያለበትን የጆሮ መከለያ አላወለቀም። ጸጥ ብሎ ስለቆመ የሚያዳምጥ መሰላቸው፤ በዚያ አገር ዝም ያለ ሰው አይጠረጠርም።

ጸሎቱ ሳይፈጸም ከላይ አንድ ነገር ቀጭ አለ። ደግሞም ቀጭ አለ፣ ቀረብ ብሎ።

«ማንም እንዳይገባ» አሉ።

አሕቲ ግን ጸሎቱ ያለቀ መስሎት፣ የሚሰረሰረውን ቦታ በቀለም ሊያመለክት አልፎ ገብቶ ነበር።

«አሕቲ፣ ተመለስ!»

ጀርባውን እንደሰጠ ቀረ። ተከትለው ቢገቡ ሁለቱም ሊያልቁ ነው። የድንጋይ ብናኝ በመብራታቸው ጮራ ውስጥ መርገፍ ጀመረ። ያን ጊዜ የላላ ድንጋይ የሚያወርዱበትን ረጅም ዲጂኖ ካሉበት ዘርግተው ወገቡን በኃይል ወጉት።

አሕቲ መከለያውን መንጭቆ አወለቀና በቁጣ መጣባቸው። «እትዬ ሂልካ፣ አበዱ እንዴ? ሰው እንደ በሬ ይወጋል?»

«ና፣ ቅረብና ስደበኝ» አሉት ወደ ኋላ እያፈገፈጉ።

ስድቡን ሳይጨርስ የበር ያህል የሚሰፋ ዐለት ከጀርባው ተገምሶ ወረደ። አቧራው ሲገለጥ፣ ቆሞበት የነበረው ስፍራ በድንጋይ ተሞልቶ ነበር።

አሕቲ ዞሮ ድንጋዩን ተመለከተ። በእጁ ከያዘው መከለያ የጨዋታው ጩኸት ይሰማ ነበር።

«ማን አገባ?» አለ አንዱ ከኋላ። የሳቀ አልነበረም።

«ጥፋቱ የእኔም ነው» አሉ ወይዘሮ ሂልካ። «አፍህን አየሁ እንጂ ጆሮህን አላየሁም።»

«ሚስቴ እንዳትሰማ፣ እትዬ።»

«እኔው ነኝ የምነግራት። አንተ ከነገርካትማ ጥፋቱን በዐለቱ ታሳብባለህ።»

ከዚያ ወዲህ የእያንዳንዱን ሠራተኛ ባዶ ጆሮ በመብራት ሳያዩ ጸሎቱን አይጀምሩም። አሕቲም ሳይጠየቅ ቀድሞ ይቀርባል።

እግዚአብሔር ለወይዘሮ ሂልካ ዕድሜና ጤና ይስጣቸው፤ ቤታቸውን በሰላም ይሙላ፤ መውጣት መግባታቸውንም ይባርክ። አሜን።