የሄለን መሿለኪያና የእኔ አፍ

ይኼን ለንስሐ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። ጻፊው ልጄ፣ እንዳለ ጻፊው፣ እንዳታሳምሪልኝ።

ዛሬ ጠዋት ምስር እየለቀምኩ ይቺ የልጅ ልጄ ስልኳን ይዛ መጣች። ትምህርት ቤቱ ኢንተርኔት ላይ የዘጋባቸውን ነገር በሌላ መንገድ አሳልፋ መክፈቷን ነገረችኝ። ሰፌዱን ጥዬ ተነሣሁ በቃ! ይኼን ዘዴ አውቀዋለሁ ብላት ሳቀችብኝ። እኔ ግን እውነትም አውቀዋለሁ።

ካዛንቺስ አንድ መሥሪያ ቤት ሻይ አፈላ ነበር። ሄለን የምትባል የኮምፒውተር ባለሙያ ነበረች፣ እንደ ልጄ የማያት። የኛ ቢሮ ኮምፒውተር ለገሃር ካለው ቅርንጫፍ ኮምፒውተር ጋር መነጋገር ነበረበት። ማለቴ፣ የኛው «ይኼን ሥራልኝ» ሲለው ያኛው እዚሁ አጠገቡ እንዳለ ሆኖ እንዲሠራለት። መሀል ላይ ግን ፋየርዎል የሚሉት ዘበኛ አለ። ተራ ድረ ገጽ ካልሆነ አያሳልፍም። በዚህ የተነሣ ለገሃር ባለጉዳዩ ተሰልፎ ይውላል፤ ሄለን ክፈቱልን ብትል፣ የኔትወርኩ ጥበቃ አለቃ እሺ አይልም።

ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? መልእክቱን ድረ ገጽ አልብሳ ላከችው! እኔ እንዲገባኝ ምሳ ዕቃዬን ብድግ አደረገችና «እትዬ ብርቄ፣ በር ላይ ያሉት ጋሼ ምሳ ዕቃ አይከፍቱም አይደል? እኔም መልእክቴን እዚህ ውስጥ ከትቼ ነው የማሳልፈው» አለችኝ። መንገዱንም መሿለኪያ ትለው ነበር። ከለገሃር የመጀመሪያው መልስ ሲመጣ እልል ያልኩት እኔ ነኝ፣ ከነትሪዬ! ለሰርጌ እንኳን እንደዚያ አልተደሰትኩም።

ያው ደስታ አፌን ከፈተው። ቂርቆስ ጽዋ ማኅበራችን ላይ ወይዘሮ አስካለ ለወንድሟ ሚስት ትፈልጋለች። ወንድሟ ደግሞ ያው እሺ አልል ያለው የኔትወርኩ ጥበቃ አለቃ ነው። ማን አዘዘኝ? ሄለንን ልድርለት ብዬ ከመልኳ ጀመርኩ፤ ሙያዋን ሳወድስ ምሳ ዕቃውንም፣ ዘበኛውንም ዘረገፍኩት። አስካለ ጆሮዋን ሰጥታ ስትሰማኝ፣ እኔ ሰርጉ ታየኝ።

ሰኞ መሿለኪያው ተደፈነ። ሄለንም ተባረረች።

ስትሰናበተኝ አቅፋኝ አለቀሰች። ያስያዘኝ ዮናስ ነው አለች፣ አጠገቧ የሚቀመጠው ልጅ። ለካ ሊጋቡ አስበው ነበር። «ከሱ ሌላ የሚያውቅ የለም። ለእርስዎም ነግሬዎታለሁ፣ ግን እርስዎ ምኑን ይገልጹታል?»

«እውነትሽን ነው፣ እኔ ምኑን አውቄ» አልኳት።

እኔ ነኝ ይኼን ያልኩት። እኔ ነኝ የነገርኩት፣ እኔ ነኝ የዋሸሁት። አለመማሬን ጓዳ አድርጌ ተደበቅኩበት። ከዮናስ ጋር ተለያዩ ሲባል ሰምቼም ሻዬን አፈላሁ። ያናገረኝ ደስታ ነው ልበል፣ እሺ። ዝም ያሰኘኝስ ምንድን ነው? ሄለን አሁን ሜክሲኮ ኮምፒውተር ትጠግናለች። በታክሲ ሳልፍ አያታለሁ፤ ፊቴን አዞራለሁ። የምታነቡት ሁሉ ይቅር በሉኝ።

ጎረቤቴ አልማዝ ለካ ውጪ ልብስ እያሰጣች ሁሉንም ሰምታለች። አንገቷን በመስኮት አስገባችና፣ «የሰማሁት እኔ፣ የጻፈችው ይቺ ልጅ፤ ይቅርታው የሚገባት ሄለን የታለች? ነጠላሽን ልበሺ፣ የሜክሲኮ ታክሲ ድረስ እሸኝሻለሁ» አለችኝ።