ያሻሻልኩት አፕ

መተማ የኮምፒውተር አስተማሪ ሳለሁ፣ ሽንፋ ጤና ጣቢያ የሚሠሩ በዕድሜ እናቴን የሚያህሉ ነርስ አንድ ነገር ለመኑኝ። ለሰሊጥ አረም ከጎጃምና ከወሎ የሚወርደው ሠራተኛ ሽንፋ ላይ አንድ ቀን አርፎ በየእርሻው ይበተናል። በኋላ ወባ ጥሎት ራሱን ስቶ ሲመጣ አገሩን የሚያውቅ የለም። «ስሙን፣ አገሩንና የተጠሪውን ስልክ የምይዝበት ነገር ስልኬ ላይ ሥራልኝ» አሉኝ።

ሠራሁላቸው። የዚያን ዓመት ሠራተኛ ሲገባ ፀሐይ ላይ ቆመው የሁለት መኪና ሰው መዘገቡበት። እዚያ ላይ እጄን መሰብሰብ ነበረብኝ።

እኔ ግን አዲስ ነገር ሲወጣ አያስችለኝም። አፕ መሥሪያው ሶፍትዌር አዲስ ቨርዥን ወጣለት ሲባል ጎንደር ሄጄ፣ ኢንተርኔት ቤት ስጎለት ውዬ አወረድኩት። የላፕቶፔ ቦታ አልበቃ ሲለኝ አሮጌውን አጠፋሁ፤ በእሱ የሠራሁትን አፕም አብሬ ጠረግሁ። ደግሜ በአዲሱ ሠራሁና ሽንፋ ወርጄ የድሮውን ከስልካቸው ላይ አነሣሁ። አዲሱን ልጭን ስል ስልኩ አልቀበልም አለ። ገላባት ተሻግረው ሲገዙት ሱዳናዊው ነጋዴ «ጀዲድ! ጀዲድ!» ብሏቸው ነበር፤ አዲስ ነው ማለቱ ነው። አዲሱ ቀፎው ብቻ ነበር፣ ውስጡ ያረጀ ሲስተም ነው።

«አንተዬ፣ ከእጅ የማይሻል ዶማ አመጣህብኝ? የድሮውን መልስልኝ እንጂ» አሉ።

«ይስተካከላል» አልኳቸው። ወደ አሮጌው መመለስ ውርደት መስሎኝ አራት ቀን ከአዲሱ ጋር ተናነቅሁ። አንዱን ስህተት ሳጠፋ ሦስት ይወጣል። መብራት ይጠፋል። ላፕቶፑ በዚያ ሙቀት ላይ ጭኔን ይጠብሰኛል። ሶፍትዌሩን ሰደብኩ፣ ነጋዴውን ሰደብኩ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና ሴትዮዋንም በልቤ ሰደብኩ።

በአምስተኛው ቀን ደወሉ። «አንድ ልጅ ከእርሻ አምጥተውልኛል፣ አይናገርም። መዝግቤዋለሁ እኮ! መልኩን አውቀዋለሁ፣ አገሩ ነው የጠፋኝ። ቶሎ በልልኝ በሞቴ።»

ጎንደር በረርኩ። አሮጌውን ቨርዥን ከአንድ ጓደኛዬ ፍላሽ ላይ ገለበጥኩ። በአዲሱ የጨማመርኩትን ሁሉ እየነቀልኩ አፑን መልሼ ሠራሁት። ጭቃው መኪናችንን ሁለት ጊዜ ይዞብን፣ በማግስቱ ሽንፋ ገባሁና ጫንኩት። ተከፈተ። «ሠራ!» ብዬ ጮህኩ።

ገጹ ባዶ ነበር። ዝርዝሩ ሚሞሪው ላይ የሚቀመጥ መስሎኝ ነበር፤ ለካ አፑ ውስጥ ኖሯል። የድሮውን ያነሣሁ ዕለት ያን ሁሉ ሰው አብሬ አጥፍቼዋለሁ። አራት ቀን የታገልኩት ለባዶ ገጽ ነው።

ነርሷ አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ስልኩን ተቀብለው የተኛውን ልጅ እንደገና መመዝገብ ጀመሩ። ስም፦ ያልታወቀ። አገር፦ ያልታወቀ። የተጠሪ ስልክ የሚለው ላይ ሲደርሱ ቀና ብለው አዩኝና አንድ ቁጥር ሞሉ። የማን ነው ብዬ አልጠየቅኋቸውም።

በሦስተኛው ቀን ክፍል ውስጥ የክረምት ተማሪዎች እያስተማርኩ ስልኬ ጮኸ።

«ተጠሪው አንተ ነህ» አሉኝ። «ና፣ አብረን እንቅበረው።»